የኮልፌዋ ተኩላ

ተኩላዋ ከኮልፌ በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር፣ በጥይት የወደቀ ልጇን ትልስ ነበር። ብትልሰው ብትልሰው አልነቃ አላት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አንዲት ሴት ከሰፈር ወጣች፤ ግራ ቀኝ አየችና ነጠላዋን ለሐዘን ዘቅዝቃ ለበሰች። ተኩላዋ የነጠላ ወግ አታውቅም። ቀበሌው «ለጸረ አብዮት አይለቀስም» ማለቱንም አልሰማችም። ሴትዮዋ ጥለቱን አፏ ውስጥ ወትፋ «ልጄን፣ ልጄን» ስትል ግን ገባት።

«ማነው የሚያለቅሰው?» አለ የቀበሌው ጠባቂ ከታች፣ ጠመንጃውን አቀባብሎ። ሴትዮዋ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ተኩላዋ ያንን የብረት ድምፅ ታውቀዋለች፤ መሸሽም ትችል ነበር። አልሸሸችም። አንገቷን ወደ ሰማይ ዘርግታ ጮኸች። ሴትዮዋም ጥለቱን ከአፏ አውጥታ፣ ከተኩላዋ ጋር እኩል እየጮኸች፣ እስኪወጣላት አለቀሰች።

«ተኩላ ነው ለካ» አለ ጠባቂው ለጓዱ፣ ወደ ሰፈር እየተመለሰ። «ያውም ሁለት ናቸው።»