ባዶ ኮርቻ

የጋራ ብስክሌት ባሕር ዳርን ከሞላት ወዲህ የመኪና ጭስ ጠፍቷል፤ ድሃውም ሀብታሙም እኩል ይነዳል። ሕጉም አንድ ነው፤ ባዶ ኮርቻ ላይ ቀድሞ ለወጣ ሰው እስኪወርድ ድረስ ብስክሌቱ የእሱ ነው።

አዋላጇ ውዲቱ ከድልድዩ ማዶ ምጥ የጠናባት ሴት አለች ተብላ ስትጠራ፣ ማቆሚያው ላይ አንድም ብስክሌት አልነበረም። አንድ ጎልማሳ እየነዳ መጣ።

"ወንድሜ፣ ወላድ ልትሞት ነው፤ ስጠኝ" አለችው።

"ከወረድኩ ሌላ ከየት አገኛለሁ?" ብሎ ሊያልፋት ሲል ጆሮ ግንዱን በድንጋይ መታችው። እሱ አስፋልቱ ላይ ወድቆ ሲያቃስት ኮርቻው ላይ ወጥታ ከነፈች።

የወላዷ ባል ሞገስ በር ላይ ተቀበላት። እጇ ላይ ያለውን ደም አየ። "መመለሻ ብስክሌትሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ" ብሎ ፋስ ይዞ ኮርቻው ላይ ተቀመጠ።

ምጡ ሲፋፋም ከግቢው የድብድብ ድምፅ ተሰማ። ሚስቱ ደንግጣ ተጣራች።

"አለሁ፤ አልወረድኩም" አላት ሞገስ።

ውዲቱ ሕፃኗን አቅፋ ስትወጣ ቅንድቡ ተተርትሮ፣ ደም ፊቱን አልብሶት አገኘችው። ሁለት ሰዎች አጥሩ ሥር ቆመው መውረዱን ይጠብቃሉ።

"ግባና ሚስትህን እያት" አለችው።

"ብስክሌቱስ?"

"በእግሬ እሄዳለሁ። ውረድ።"

ሞገስ ፋሱን ጥሎ ወረደ። ሕፃኗን ተቀብሎ ደጃፉን ሲያልፍ ሁለቱ ሰዎች ከኋላው በጡጫ ተያያዙ።