የመጨረሻዋ ችካል

ልብስ ሰፊዋ ከገበያ ስትመለስ ጓሮዋ ውስጥ ቀይ ቀለም የተቀባች ችካል ተተክላ አገኘች።

“ምንድን ናት ይቺ?” ብላ ጮኸች።

ባሏ እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ ከቤት ወጣ። “ምን ላድርግ? መጡና ተከሏት። አንቺ ገበያ እንደሄድሽ ነው።”

“አንተስ ቆመህ አየሃቸው?”

“የተፈቀደላቸውን እኔ ልከልክል? በሩን ስጠግን እጄን በመዶሻ ቀጥቅጬዋለሁ። ለጠብም አልሆን።”

ነገሩ እንዲህ ነው። መዳብ የሚያወጣው ኩባንያ ፈቃዱ የሚያበቃው ከከፍተኛ ኃይል መስመሩ ማዶ ነበር። ከሽቦዎቹ ስር ያለው ባዶ መሬት የመብራት መሥሪያ ቤቱ ክልል ስለሆነ ቤት አይሠራበትም፣ ዛፍ አይተከልበትም። የልብስ ሰፊዋ ቤት ከዚያ ወዲህ ነው፤ አጥሯ ከክልሉ ጋር ይዋሰናል። ሰሞኑን ኩባንያው በመስመሩ ክልል ለሙከራ እንዲቆፍር ተፈቅዶለት፣ ቀያሹ ችካል ሲቸክል ሰንብቷል። የቀረችው የመጨረሻዋ ችካል ብቻ ነበረች። ማሽኑ ችካል ባለበት ይቆፍራል። ማዕድን ከተገኘ ፈቃዱ ተሻሽሎ ያንን መሬት ይጨምራል፤ በተጨመረው መሬት ላይ ያለ ቤት ካሳ ተከፍሎበት ይፈርሳል። የማዶ ጎረቤቶቿ እንዲህ ሆነው ነው የተበተኑት።

ቤቱን የሠሩት አባቷ ናቸው። የተወለደችውም የወለደችውም እዚያ ነው። ባሏ ሾፌር ነበር፤ ሳል ከያዘው ወዲህ መሪ መጨበጥ ትቶ ቤት ውሏል። “ከዚህ አቧራ እንውጣ” እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲነዘንዛት ከርሞ በቅርቡ ዝም ብሏል። እሷም በመጨረሻ ገባው ብላ እፎይ ብላ ነበር።

“ይሄ የዚያ ቀያሽ ሥራ ነው” አለች። “ቂሙን ተወጣብኝ!”

ምክንያት አላት። ባለፈው ሰሞን ቀያሹ አጥሯን ተጠግቶ ሲሸና ደርሳበት የልብስ እጣቢ ደፍታበታለች። ሰፈሩ ሁሉ ስቆበታል። ከዚያ ወዲህ ባየችው ቁጥር ፊቱን ያዞርባታል።

“ማንም ያድርገው፣ አለቀ” አለ ባሏ። “አርፈሽ ተቀመጪ።”

አርፋ አልተቀመጠችም። በማግስቱ ባሏ እጁን ሊያሳይ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ሠራተኞቹም ለምሳ ገቡ። ይሄኔ ችካሏን እየወዘወዘች ነቀለቻት። ጫፏ ላይ የደረቀ ቀይ አፈር ነበር፤ በቀሚሷ ጠረገችው። ቀዳዳውን በጓሮዋ ጥቁር ጭቃ ደፈነች፣ ችካሏን በነጠላዋ ሸፍና በአጥሩ ሾለከች።

ከሽቦው ስር ያለው ቀይ ጠጠር ግን አላስጠጋ አላት። እዚህም ሞከረች፣ እዚያም ሞከረች፤ በድንጋይ ብትመታ ችካሏ ተመልሳ ትዘላለች። ላብ በላብ ሆነች። ሠራተኞቹ ሊመለሱ ነው። ልትተወው ስትል ድንገት አንድ ቦታ ላይ መሬቱ እሺ አላት፤ ችካሏ ያለ ምንም ምት ሰተት ብላ ገባች። “ተመስገን” አለችና እየሮጠች ተመለሰች።

ማሽኑ መቆፈር ሲጀምር ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ባሏ መስኮቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

“የመጨረሻዋን እዚያ ነው እንዴ የሚቆፍሩት?”

“እኔ ምን አውቃለሁ” አለችው፣ ስፌቷ ላይ አቀርቅራ።

ጓሮ ወጥቶ ተመለሰ። ምንም አልጠየቃትም። ያን ቀን እህል አልቀመሰም፤ ሲያስል አመሸ። ያደረገችውን እንዳወቀና ለእሷ እንደፈራላት ገባት። እሷ ራሷም ፈርታለች። ቀያሹ መሣሪያውን ይዞ ቦታውን እንደገና የለካ ቀን መያዟ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር መርፌው ጣቷን ይወጋታል።

በመጨረሻ በሩን ያንኳኳው የኩባንያው ጂኦሎጂስት ነው፤ ትሁት ወጣት። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

“ውጤቱ መጥቷል፣ እናቴ። መዳቡ ተገኝቷል። ፈቃዱ ተሻሽሎ የመስመሩ ክልል ይጨመራል፤ ምሰሶዎቹም ይነሳሉ። የእናንተ ቤት ከአዲሱ ወሰን ውጪ ስለሆነ አይነካም።”

“አይፈርስም?”

“አይፈርስም። የማዕድን ማውጫው ጉድጓድ ግን እስከ አጥራችሁ ይደርሳል። አቧራውንና ፍንዳታውን እንግዲህ መቻል ነው። ከወሰን ውጪ ላለ ቤት ካሳ የለም።”

ቤቷ ዳነ። ደስታው ግን ከየት ይምጣ? ባሏ ጥግ ላይ ተቀምጦ ደረቱን ይዞ ያስላል። ካሁን በኋላ ቤቱን የሚገዛ የለም፣ መሄጃም የለም፤ አቧራውን እየማገ እዚሁ ያልቃል። የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ አሰበች፤ በቁሙ፣ ለአራት ግድግዳ ብዬ። እንባዋ መጣ።

“ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው” አለች።

“ተይው፣ ሰውዬው ቸኩሏል” አለ ባሏ ከጥጉ።

“አልተወውም! ችካሏ እዚህ ጓሮዬ ውስጥ ነበረች። ነቅዬ ከሽቦው ስር የተከልኳት እኔ ነኝ። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ። ብቻ ማሽኑን አምጡና እዚህ ቆፍሩ። ቤቱ ይፍረስ፤ ይሄ ሰው ከዚህ ወጥቶ ይተንፍስ።”

ጂኦሎጂስቱ ግራ ገብቶት አንዴ እሷን አንዴ ካርታውን አየ። ከቦርሳው የልኬት ወረቀቱን አውጥቶ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አመሳከረ።

“ተሳስተዋል፣ እናቴ” አላት። “የመጨረሻዋ ጉድጓድ የተቆፈረችው ቀያሹ መጀመሪያ ችካሏን በተከለባት ነጥብ ላይ ነው፤ እዚህ ግቢማ ከዛሬ በፊት እግራችንም ረግጦ አያውቅም።”