ወፍ ያረፈችበት «አ»

ይህ ወሬ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ! በር በቁልፍ መከፈቱ በቀረበት ዘመን፣ ሰው ለመግባትም ለመውጣትም በሩ ላይ የተሳለውን የስሙን መነሻ ጌጠኛ ፊደል በጣቱ አስመስሎ መሳል ነበረበት። ወንድይፍራው ለሚስቱ ለአጸደ በሠርጋቸው ቀን የሳለላት «አ» ሐረግ የተጠላለፈበት፣ ወፍ ያረፈችበት ነበር፤ ሠርገኛው ሁሉ አጨበጨበ። ከእሱ እጅ በቀር ግን የሚደግመው አልተገኘም።

«ልጄ፣ ዛሬም አልቻልሽም?» አለች እናቷ ከውጭ።

«ወፏ እምቢ አለችኝ እማዬ። እሱ ደግሞ ‹ምን ጎደለሽና ትወጫለሽ?› ይለኛል።»

እናቷ በበሩ ስር እንዲያልፍ ስስ አድርጋ የጋገረችውን ቂጣ አሾለከችላት። አጸደ ሳስቶ ያለፈውን ቂጣ አየችና ቢላዋ አነሳች። ከበሩ ላይ ወፏንም ሐረጉንም ፍቃ ባዶውን «አ» አስቀረች፤ በጣቷ ሳለችው። በሩ ተከፈተ፤ በእናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

የነገርኳችሁ ሁሉ እውነት ነው። በሩ ተከፈተ ያልኩትን ብቻ አንጀቴ አልችል ብሎ ከራሴ ጨመርኩ።