የአራተኛው ቀን ጨረቃ

«የባሕር ውስጥ ገደሉን ለአራተኛው ቀን አስቀርቼዋለሁ፤ ምርጥ ምርጡ ለመጨረሻ ነው» አለች ራስና፣ የእስክሪብቶዋን ጫፍ እያኘከች። «እንግዶቹን አንተ ይዘሃቸው ትጠልቃለህ።»

አባቷ ሳኒፕ ከተቀመጠበት ተነሣ። አንዱን የወለል ሳንቃ፣ የላላ ይመስል፣ በእግሩ ጫን ጫን አደረገው። ሳንቃው ደህና ነበር። ከሥሩ ባሕሩ ቤታቸውን የተሸከሙትን ምሰሶዎች ይልሳል። ተመልሶ ቢቀመጥም መቀመጫው እሾህ ሆነበት።

«ምን ነካህ ዛሬ? ምጥ እንደያዛት ሴት ትንቆራጠጣለህ።»

«አንቺ እስክትገላገዪ ነዋ።»

ራስና በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ የእንግዶቿን አራት ቀን እየሸነሸነች ነው። ነፋሱ ወረቀቱን እንዳይወስድባት አባቷ የሚያኝከው የፒናንግ ፍሬ ያለበትን ከረጢት ከማለዳ ጀምሮ ጭናበታለች። ባልና ሚስት ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ከማካሳር ከተማ እየመጡ ነው፤ መርከቧ ከሰዓት በኋላ ትደርሳለች። የመጀመሪያዎቹ እንግዶቿ ናቸው። እነዚህ ደስ ብሏቸው ከሄዱ ሌሎቹን ይልካሉ፤ ቅር ብሏቸው ከሄዱ ግን ራስና ከተማ ወርዳ ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ቆማ መዋሏ ነው። ሳኒፕ ይህን ያውቃል።

«ስማኝ እስቲ» አለች። «ነገ፣ ዔሊዎቹ የሚግጡበት የባሕር ሣር። በማግስቱ ፏፏቴው። ሦስተኛው ቀን ጫካ፤ ጦጣዎቹና ያ ጥርሱ ወደ ግንባሩ የዞረው ከርከሮ።»

«ከርከሮው እሺ አለሽ?»

«አባ፣ አትቀልድ።»

«አጎትሽን ሦስት ቀን ጭቃ ላይ አስተኝቶት ነው የቀረው። ቀጠሮ አያከብርም ብዬ ነው።»

ራስና ሳቀች። እሱም ሊስቅ ሲል ሳል አቋረጠው፤ ወደ በሩ ዞሮ አፉን በመዳፉ ያዘ።

ግራ እግሩ የደነዘዘው ድሮ ነው፤ ሞተር በላስቲክ ቱቦ አየር እየላከለት ከጥልቁ ሎብስተር በሚለቅምባቸው ዓመታት። እሱን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ማንም ያላወቀው ደሙን ነው። ባለፈው ጨረቃ ከገደሉ ሥር ሲወጣ ከደረቱ ደም መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ባሳለ ቁጥር ይመጣል። ስለዚህ ፒናንግ ማኘክ አበዛ። ፒናንግ ምራቅ ያቀላል፤ ቀይ የተፋን ሰው ማንም ምን ሆንክ አይለውም።

«አራተኛው ቀን ላይ ጨረቃዋ ስንት ይሆናታል?» አላት ሲመለስ።

«እኔ እንጃ። ቅዳሜ ነው።»

«ባሕር ቅዳሜ አያውቅም፣ ልጄ። ቅዳሜ ጨረቃዋ ትሞላለች። ያን ቀን ገደሉ ጋ ውኃው ሰው ነጥቆ ይሄዳል።»

ራስና ግንባሯን መታች። «ከተማ መኖሬ አደነዘዘኝ! እና መቼ ይሁን?»

ዝም ቢል ኖሮ ከመጥለቁ በፊት ሦስት ቀን ያተርፍ ነበር። ግን የሰው ልጆች ናቸው የሚመጡት።

«ነገ» አለ። «ረፋዱ ላይ፣ ውኃው ቀጥ ሲል።»

«በቃ፣ ነገ ትጠልቃለህ» ብላ ልትጽፍ ጎንበስ አለች።

«እኔን ፏፏቴው ላይ ጻፊኝ።»

«አንተን?» ሳቋ አመለጣት። «ገበያ ስትወርድ መሬቱ የሚያዞርህ ሰውዬ? አልቅት ደግሞ አለልህ!»

«ከታች ቁጭ ብዬ ዓሣ እጠብስላቸዋለሁ። አልቅቱም ይምጣ፣ ይብላ።»

«ታዲያ ገደሉ ጋ ማን ያወርዳቸዋል?»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው። በሩ ጋ አልደረሰም፤ በሳንቃዎቹ ክፍተት ወደ ታች ተፋ። ቀዩ ውኃው ላይ ወርዶ ተበተነ። ትንንሽ ዓሦች ምግብ መስሏቸው ተሻሙበት።

«ይኼ ፒናንግ…» አለ ሳኒፕ፣ ከንፈሩን እየጠረገ።

ራስና ከረጢቱን አየች። ወረቀቱ ላይ ነው። ትናንት እሷ ራሷ ያሰረችው ቋጠሮ አልተፈታም።

ሳኒፕ ዓይኗ የት እንዳረፈ አየ።

ራስና ከገደሉ ጎን የጻፈችውን የአባቷን ስም ሰረዘች፤ ከሥሩ የራሷን ጻፈች።

ሳኒፕ ተነሥቶ ከግድግዳው ላይ፣ ከእንጨት ጠርቦ የሠራውን የመጥለቂያ መነጽር አወረደና መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ልጅ ሳለሽ ትንፋሽሽ ከኔ ይበልጥ ነበር» አለ። «ከመግባትሽ በፊት አናትሽ ላይ አንድ እፍኝ ውኃ አፍስሺና ታላቅ ወንድምሽን ሰላም በዪው። የተወለድሽ ቀን እሱን፣ የእንግዴ ልጅሽን፣ በእጄ ያሰመጥኩት እዚሁ ከሥራችን ነው። ሩቅ አይደለም፣ ይሰማሻል።»

ራስና መነጽሩን አጠለቀችው። ማሰሪያው ሰፍቷት አፍንጫዋ ላይ ወረደ። አወለቀችና ቋጠረችው፤ ለካችው፤ አሁንም ሰፊ ነው። ሁለተኛውን ቋጠሮ ስትቋጥር ሳኒፕ አጠገቧ ተቀምጦ የማሰሪያውን ጫፍ ጠበቅ አድርጎ ያዘላት።