ደመላሽ

ሰውየው በድንበር ጠብ ጎረቤቱን ገድሎ፣ ምስክር ጠፍቶ ከእስር በተፈታ በሳምንቱ የሟች ሚስት ወለደች። በማግስቱ ድምጿን ከአጥሩ ወዲያ ሰማ።

"ደመላሽ! ጥባ አባቴ፣ ቶሎ እደግልኝ!"

"ዕድሜ ይንሳው!" ብሎ ምራቁን ተፋ።

ሴትዮዋ ግን ጧት የጠራችውን ስም ማታም ትደግመዋለች። ልጇን ቡዳ ይበላብኛል ብላ ስለሸፈነች ማንም ጎረቤት አላየም። ሰውየውን እህል አልወርድ አለው። ይህ ልጅ ጠመንጃ ለማንሳት ሲደርስ እሱ ምርኩዝ ይዞ ነው፤ የሚቆምለት ወንድ ልጅ የለው፣ ወንድም የለው።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። "የተጣላንበትን መሬት ትውሰድ፤ ያን ስም ብቻ ትቀይርልኝ።"

"መሬቱን ተቀብያለሁ፤ ስሙ በክርስትናው ዕለት ይቀየራል" አለች።

በሽማግሌዎቹ ፊት ፈርሞ አስረከበ።

አርባኛው ቀን ዝም ብሎ አለፈ። በማግስቱ ያው ጥሪ ከአጥሩ ወዲያ መጣ። ሰውየው በንዴት ጦፎ፣ አራሷን ጠበል ወደረጩት ቄስ ሮጠ።

"አባ፣ ያቺ መሰሪ አታለለችኝ! አርባው ሞልቶ ደመላሽን ክርስትና የማያነሱት ለምንድን ነው?"

ቄሱ ግራ ገባቸው።

"የጎረቤትህን ልጅ? እሷማ ገና አርባ ቀን ይቀራታል።"