ሰም የነካው ገጽ

ንብ አናቢው አዛውንት በወረቀት አሳትመው ያመጡትን የተመራማሪዋን ጥናት ጠረጴዛዋ ላይ ሲዘረጉት ሰባተኛው ገጽ በሰም ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። እሷም አንገቷን አስግጋ ጠበቀች። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ወጥሮ ይዟት ጥናቱን በኢንተርኔት ለማንም በነፃ ከከፈተችው ገና ሳምንቷ ነበር። ያኔ "ደግሞ ማን ሊያነበው!" ብላው ነበር።

"ግሩም ጽፈሻል ልጄ" አሉ ገጹን በጥፍራቸው እያላቀቁ። "ግን ንቦቹን ከቀፎ ያባረራቸው ብርድ አይደለም፤ ጉንዳን ነው። የቀፎውን እግር አጎንብሰሽ አይተሻል?"

አላየችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጥናቱ ገንዘብ የከፈለ ብቻ በሚያነበው መጽሔት ተቆልፎ ሲቀመጥ፣ ያገኛት ሁሉ አመሰገናት እንጂ ተሳስተሻል ያላት አልነበረም። ስልኳን አንስታ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደወለች። "የቀሩትን ጥናቶቼንም ለሁሉም ክፈታቸው" አለችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አስጠጋች።

"እሺ አባባ፣ ጉንዳኑ በየት በኩል ነው የሚገባው?"