«እፈርዳለሁ» ማለት ብቻ ነበር

«አቶ ፑሪፎይ፣ የተከሳሹን ቤተሰብ ያውቃሉ?» ይለኛል ዐቃቤ ሕጉ።

«አውቃለሁ።»

ለጁሪ፣ ከሕዝብ ተመርጦ ለሚፈርደው ጉባኤ፣ ከተጠራነው ውስጥ ጥቁሮቹ ሦስት ነበርን። አንዷን ወንድሟ ታስሮ ያውቃል ብለው ሸኟት፤ ሌላውን ሰዓቱን ደጋግሞ አየ ብለው። የቀረሁት እኔ ነኝ። በዚህ የጆርጂያ ወረዳ እኛና ነጮቹ እኩል ለእኩል ነን፤ የምናንሰው እዚህ ቤት ስንገባ ነው።

ተከሳሹ ዴማርየስ ይባላል፤ ነዳጅ ማደያ ዘረፍክ ተብሎ ነው። የተዋሰው ኮት እጁን ውጦታል። ከኋላው አያቱ እማማ ኦሌታ የእሁድ ባርኔጣቸውን ደፍተው እኔን ያያሉ። ሌላ ማንን ይዩ?

እዚህ ያስቀመጡኝም እሳቸው ናቸው። ለጁሪ የሚጠራው ከመራጮች መዝገብ ነው፤ የኛ ሰው ደግሞ ተጠርቶ ከዶሮ ፋብሪካው ሥራ አንድ ቀን መቅረት ስለሚፈራ አይመዘገብም። እማማ ኦሌታ ታዲያ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ «ስማችሁ ካልገባ ልጆቻችሁን ማን እንዲዳኛቸው ነው?» እያሉ ያስመዘግቡ ነበር። ተራዬ ሲደርስ እጄ ዘገየ። «ወዲህ በል ኤልጂን! አንተ ስምህን እስክትጽፍ ምርጫው ያልፋል!» ብለው እስክሪብቶውን ከጣቴ መነጨቁት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ፓስተሩ ሳይቀር። እሳቸው ረስተውታል። እኔ አልረሳሁም።

«አገሩ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል» ይላሉ ዳኛው፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ማወቅዎ አያግድም። ያለ አድልዎ መፍረድ ይችላሉ?»

ከእኔ በፊት የወረዳው ፖሊስ አለቃ፣ የሸሪፉ፣ የአጎት ልጅ ይህንኑ ተጠይቆ «አሳምሬ!» ብሎ ተቀምጧል። በሱ ማንም አልሳቀም።

የልጁ ጠበቃ በዓይኗ ትለምነኛለች። የእማማ ኦሌታ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለዩ ነው። ዛሬ እኔን ፈለጉኝ። ደስ ይለኛል፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

«አልችልም» እላለሁ።

ዳኛው ቀና ይላሉ። «ለተከሳሹ ያደላሉ ማለት ነው?»

በዚህ ሁሉ ነጭ ፊት የእስክሪብቶ ነገር ላውራ?

«ስለ ሐቀኝነትዎ እናመሰግናለን። ተሰናብተዋል።»

ዐቃቤ ሕጉ ዘና ብሎ ወንበሩን ይደገፋል። እኔን ለማስወጣት ያዘጋጀው ሰበብ ተረፈለት።

ስወጣ ዴማርየስ ዞሮ ያየኛል። አልተቆጣም፤ ግራ ነው የገባው። አያቱ አጠገብ ስደርስ እጄን ለቀም ያደርጉታል። ይሰድቡኛል ብዬ እጠብቃለሁ። ምነው በሰደቡኝ።

«ጠምዝዘው ጠምዝዘው አስወጡህ፣ አይደል ልጄ?» ይላሉ በሹክሹክታ። «እንደ ሌሎቹ። አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ።»

የያዙኝ ያን ዕለት እስክሪብቶውን በመነጨቁበት እጃቸው ነው።

«አዎ፣ እማማ» እላለሁ።

ከኋላዬ ሌላ ስም ይጠራል። በሩ ጋ ደርሼ ስዞር አንዲት ነጭ ሴት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እኔ የለቀቅኩት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሙቀቴን አገኘችው መሰለኝ፣ ብድግ ትላለች፤ ከዚያ ተመቻችታ ትቀመጣለች።